ለወገብ ሕመም ነርቭ ያስቃጠላችሁ፣ እንዴት ሆናችሁ?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። የ49 ዓመት መምህርት ነኝ። ወገቤን ካመመኝ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሚጠናብኝ ስቀመጥ ሳይሆን ስቆም ነው። በተለይ ከሰሌዳው ጫፍ ለመጻፍ እጄን ሰቅዬ ወደ ኋላ ቀና ስል፣ በቀኝ በኩል ከቀበቶ በታች እንደ ጦር ይወጋኛል። የደሴን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ዳገቱን ስወጣ ደህና ነኝ፣ ቁልቁለቱን የምወርደው ግን አጥር እየያዝኩ ነው። ሕመሙ እስከ መቀመጫዬና እስከ ጭኔ ይደርሳል እንጂ ከጉልበቴ አያልፍም። ከማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክ ጨጓራዬን ጨረሰው፤ ትራማዶል ደግሞ ክፍል ውስጥ ያፈዘኛል።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሐኪሙ የታችኛው ወገቤ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች መሸርሸራቸውን ነግሮኝ ቦታውን ለጊዜው የሚያደነዝዝ አንድ የሙከራ መርፌ ወጋኝ። ከዚያ በኋላ «አብሌሽን ይደረግልሽ፤ ሕመሙን የሚያስተላልፉትን ነርቮች በሙቀት እናቃጥላቸዋለን» አለኝ። ገንዘቡ ለእኔ ቀላል አይደለም። ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣል፤ የቤቴን ጣሪያ ላድስበት ያሰብኩትን ነው የምሰጠው። ጎረቤቶቼ «ነርቭ ተቃጥሎ ሰው ይቆማል ወይ? ሽባ ሆነሽ ትቀሪያለሽ» ብለው እንቅልፍ ነሱኝ። አንዲት ባልደረባዬ ደግሞ አጎቷ በዚሁ ሕክምና ከምርኩዝ መላቀቁን ትምልልኛለች። ማንን ልመን?

ያስደረጋችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ያማል ወይ? ምን ያህል ይቆያል? ያልሠራላችሁም አትደብቁኝ።

መልስ፦ ጡረተኛ መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሥር ተጋድሜና ጎብጬ የሠራሁ ሰው ነኝና ሕመምሽ ይገባኛል። ካስደረግሁ አሥራ አራት ወር ሆኖኛል። ፍርሃት የሚወልደው አለማወቅ ስለሆነ የሆነውን አንድ በአንድ ልንገርሽ።

በሆዴ አስተኝተው ከሥር ትራስ አደረጉልኝ። ጭኔ ላይ እንደ ፕላስተር ያለ ሰፊ ነገር ለጠፉ፤ ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚወጣበት ነው አሉኝ። ቆዳዬን አደነዘዙት፤ እሱ እንደ ንብ ንድፊያ ነው። ቀጥሎ ረጃጅም ቀጫጭን መርፌዎችን በኤክስሬይ እያዩ አስገቡ። ከማቃጠላቸው በፊት ሐኪሙ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየለቀቀ «የሚያምህ ቦታ ላይ ይነዝርሃል?» ይለኛል። ልክ እዚያው ሲነዝረኝ «አዎ» አልኩት። ከዚያ ዓይኑን እግሬ ላይ ተክሎ ሌላ ኤሌክትሪክ ለቀቀ። እግሬ ቢወራጭ ኖሮ መርፌው እግር ወደሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተጠግቷል ማለት ነው፤ ቦታውን ሳያስተካክል አያቃጥልም። ሽባ ትሆኛለሽ ላሉሽ ጎረቤቶችሽ ይህን ንገሪያቸው። ማቃጠሉ ራሱ በየቦታው አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። ነቅቼ ነበር፤ ከውስጥ ግፊት የመሰለ ከባድ ስሜት ነበረው እንጂ አላስጮኸኝም።

የሚያስጮኸው በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከበፊቱ ባሰብኝ። ገንዘቤን ገደል ጨመርኩት ብዬ ከባለቤቴ ጋር ሳልነጋገር የዋልኩበት ቀን አለ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ካሰርኩ በኋላ ነው ሕመሙ አለመኖሩ ትዝ ያለኝ። አሥር ወር እንዲህ ኖርኩ። አሁን ቀስ በቀስ እየተመለሰብኝ ነው፤ ነርቩ መልሶ ያድጋልና። ገንዘብ ስይዝ እደግመዋለሁ።

መልስ፦ የመርሳ ልጅ፣ ከጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ፤ አላህ አፊያዎን ይመልስልዎ። ያልሠራለትም ይናገር ስላሉ ነው የጻፍኩት።

እዚህ ሰው ቤት ስሠራ ከባድ ምንጣፍ አንሥቼ ነው ወገቤ የተያዘው። ሕመሜ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ እግሬ እስከ ጣቴ ይወርድ ነበር፤ ጣቴም ይደነዝዝ ነበር። የታከምኩበት ክሊኒክ አንድ የሙከራ መርፌ ወግቶ «ተሻለሽ?» ሲለኝ «ትንሽ ተሽሎኛል» አልኩ። ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ለስንት ሰዓት እንደ ቆየ የጠየቀኝ የለም። በሳምንቱ አቃጠሉት። እግሬ ላይ የሚወርደው ሕመም አንዲት ቅንጣት አልቀነሰም። ይባስ ብሎ መርፌው የገባበት አካባቢ ቆዳዬ ፀሐይ እንደ ጠበሰው ሆነ። ቀሚሴ ሲነካኝ እንባዬ ይመጣ ነበር። ሰባት ሳምንት ያህል ቀሚሴን ከወገቤ በእጄ ራቅ አድርጌ ይዤ ነው የምሠራው። በኋላ ጠፋ፤ ግን ሰባቱን ሳምንት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላ ሐኪም ኋላ ሲያየኝ በጀርባ አጥንቶቼ መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ተንሸራቶ የእግሬን ነርቭ መጫኑን ነገረኝ። የተቃጠለው ነርቭ ከሕመሜ ጋር አይገናኝም ነበር። ለእናቴ ልልክ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነው በዚያ የሄደው። እትዬ፣ የእርስዎ ከጉልበት አይወርድም ብለዋል፤ እሱ ደግ ነው። ብቻ ሳይመረመሩ አይቸኩሉ።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከደሴ

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከሕመማቸው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ከሕክምናው በፊትም በኋላም ያሉ ሰዎችን ወገብ ግን በየቀኑ አያለሁ።

የጀርባ አጥንቶች ከኋላ በኩል በትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይያያዛሉ፤ ፋሴት ይባላሉ። የእነዚህን ሕመም ወደ አንጎል የሚወስዱ ቀጫጭን የነርቭ ቅርንጫፎች አሉ። የሚቃጠሉት እነሱ ብቻ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ። ወደ እግር የሚሄደው ትልቁ ነርቭ አይነካም። ስለዚህ ከዲስክ ለሚነሣ፣ በእግር ለሚወርድ ሕመም ይህ ሕክምና መልስ አይደለም። መምህርት ያሉት፣ ወደ ኋላ ቀና ሲባልና ቁልቁለት ሲወረድ የሚብሰው፣ የፋሴትን ጠባይ ይመስላል። ሆኖም በጠባዩ ብቻ አይታመንም፤ የኤምአርአይ መሸርሸርም ብቻውን አያስፈርድም፤ ምንም የማያማቸው የዕድሜ እኩዮችዎም ብዙ ጊዜ ያው መሸርሸር ይታይባቸዋል። ፈራጁ የሙከራ መርፌው ነው።

የሙከራ መርፌው ማደንዘዣ ነው። ሊዶኬይን ከሆነ ለጥቂት ሰዓት፣ ቡፒቫኬይን ከሆነ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። በእነዚያ ሰዓታት ሕመሙ በአብዛኛው ከጠፋና ማደንዘዣው ሲያልቅ ከተመለሰ ምንጩ ተገኝቷል ለማለት ያስደፍራል። ብዙ ሐኪሞች ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን ይሞክራሉ፤ አንዱ መርፌ በአጋጣሚ ወይም በተስፋ ብቻ የተሻለ ሊመስል ይችላልና።

ስለ ውጤቱም ሐኪሞች ራሳቸው ይከራከራሉ። በ2017 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት 681 ሕመምተኞችን አሳትፎ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩትን እንቅስቃሴውን ከማቃጠል ጋር ካገኙት ጋር አነጻጸረ፤ ልዩነቱ ሕመምተኛው የሚጠቀምበት ያህል አልሆነም። ተቺዎቹ ደግሞ «የተመረጡት በአንድ የሙከራ መርፌ፣ ግማሽ ያህል ተሻለኝ በማለታቸው ብቻ ነው፤ ምርጫው ላልቶ ነበር» ብለው መለሱ። እኔ በማያቸው ሰዎችም ያው ነው፤ በጥንቃቄ የተመረጠው ይጠቀማል፣ በችኮላ የገባው ያዝናል። ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ የሚያልፍለትም አለ።

መምህርት፣ መርፌውን በተወጉ ዕለት ስንት ሰዓት ተሻለዎት? ስንት እጁ ጠፋ? የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ ደም ማቅጠኛ ከወሰዱ ወይም ደረትዎ ላይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ካለ አስቀድመው ይናገሩ። በመርፌው ውስጥ ስቴሮይድ የሚባለው የብግነት ማብረጃ መድኃኒት ከተጨመረ ስኳር ለቀናት ከፍ ይላል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጅዳዋ እህቴ፣ ያንቺን ሳነብ አለቀስኩ።

መርፌውን የተወጋሁት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ከሆስፒታሉ ደረጃ ስወርድ መደገፊያውን አልያዝኩም። ያረፍኩት እህቴ ቤት ነው፤ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የቡና ረከቦቱን ራሴ አወረድኩት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግን ያው ጦር ተመለሰ። ስንት እጁ ጠፋ ለተባለው በቁጥር አላሰብኩትም፤ ከአሥር ስምንቱ ሄዶ ነበር ብል አልዋሽም። ሐኪሙ ግን «ደህና ነሽ?» ብሎ አለፈ እንጂ ሁለተኛ ሙከራ አላነሣም። ስኳርም ደም ማቅጠኛም የለብኝም።

መልስ፦ የገበሬ ልጅ፣ ከኩታበር

ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ብል ይቅርታ፤ ሳልናገር ባልፍ ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

አባቴ ወገቡን ሲያመው «ወለም ብሎት ነው» ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ። ሦስት ጊዜ በቅቤ ታሸ፤ በአራተኛው በተረከዝ ረገጡት። ማታ ማታ ያልበው ነበር፤ ልብሱ ሰፍቶት ነበር፤ እኛ የሥራ ብዛት ነው አልን። እግሩ መዛል ሲጀምር ሆስፒታል ወሰድነው፤ የጀርባ አጥንት ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ዓመት ሙሉ መድኃኒት ዋጠ። አሁን ይሄዳል፣ ጀርባው ላይ ግን ጉብታ ቀርቷል። ወገብ የሚያመው ሰው ሁሉ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት ካለው መርፌም መታሸትም ከማሰቡ በፊት ይመርመር።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከደሴ

ይህን በማንሣትዎ እግዚአብሔር ይስጥዎ። አንድ ልጨምር፤ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ድንዛዜ ከመጣ ወይም እግር በድንገት ከደከመ ያ የቀጠሮ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

መልስ፦ እህል ነጋዴ፣ ከወልድያ

መምህርት፣ እኔ ሁለት ጊዜ አስደርጌያለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ከአራት ወር ያዘልኝ። ሁለተኛው አምስት ወር ብቻ። ለምን? ጥፋቱ የራሴ ይመስለኛል። መጀመሪያ ጊዜ ሕመሙ ሲጠፋ የታዘዘልኝን እንቅስቃሴ በየማለዳው ሠራሁ፤ ሆዴንና ጀርባዬን አጠነከርኩ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ዳንኩ ብዬ በማግስቱ ኩንታል ማንሣት ጀመርኩ።

የኮምቦልቻው ወንድሜ ገንዘብ ስይዝ እደግመዋለሁ ብለዋል። አልቃወምዎትም፤ ግን በመካከሉ ያለውን ጊዜ ካልሠራበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ነርቭ ሲያስቃጥል መኖሩ ነው።

ስለ ጉዞው ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር መሆኑን አይርሱ። እኔ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ የጣርማበርን ጠመዝማዛ የወረድኩበትን ቀን አልረሳውም፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ወርጄ መንገድ ዳር ተጋደምኩ። ሁለት ሦስት ቀን ዘመድ ቤት ይረፉ። የፊት ወንበር ይያዙ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ይቁሙ። ነጠላዎን አጥፈው ከወገብዎ ጀርባ ያድርጉ፤ በረዶ ካገኙም በጨርቅ ጠቅልለው ያስይዙት።

መልስ፦ ጡረተኛ መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ የወልድያው፣ እውነትህን ነው። እኔም እንቅስቃሴውን በሦስተኛው ወር ተውኩት። ነገ ጠዋት እጀምራለሁ።

ጠያቂዋ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፦

ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ገባሁ። ሐኪሙን «ሁለተኛ የሙከራ መርፌ እፈልጋለሁ» ስለው መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ግን ተቀምጦ አስረዳኝ፣ አደረገልኝም። በዚህኛው ጊዜ ደብተር ይዤ ገባሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ሕመሜን ከዜሮ እስከ አሥር እየሰጠሁ መዘገብኩ፤ ሳልወጋ ሰባት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ፣ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ድረስ ከሁለት አልበለጠም። የእህቴ ቤት ግድግዳ ላይ እጄን ሰቅዬ በጣቴ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ጻፍኩት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሰባቱ ተመለሰ። ደብተሩን ሲያይ «ሁሉም ሕመምተኛ እንዲህ ቢያደርግልኝ» አለ።

አስደርጋለሁ። ቀጠሮዬን ሐምሌ ላይ አስያዝኩት፤ የሚብሱት ሁለት ሳምንታት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤቴ ሆኜ እንዲያልፉ ብዬ ነው። ጣሪያው አንድ ክረምት ያፈስ፤ ባልዲ አለኝ። ፊዚዮቴራፒስቱን ወንድሜን የምጠይቀው፣ እንቅስቃሴውን ከሕክምናው በፊት ከአሁኑ ብጀምረው ይጎዳኛል?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከደሴ

አይጎዳዎትም፣ ይጠቅምዎታል። ዛሬ ማታ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ያጥፉ፤ አንዱን ጉልበት ቀስ ብለው ወደ ደረትዎ ይሳቡና እስከ ሃያ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ሌላውን። ወደ ኋላ መለጠጥን ለጊዜው ይተዉት። በየቀኑ ሜዳ በሆነው መንገድ አሥር ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ፤ በሳምንቱ አሥራ አምስት ያድርጉት።