ከወደቀች በኋላ ውድድር የምትፈራ ሯጭ፦ የትራውማ ሕክምና ይረዳታል?

አሰልጣኝ፣ ከጅማ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ800 ሜትር ሯጭ አለችኝ፣ 19 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ዙር ደወል እንደተደወለ ተጠልፋ ወደቀች፤ ከኋላ የመጣችው በስፓይክ (ሹል ጥርስ ባለው የሩጫ ጫማ) ረገጠቻት። ቁስሉ ድኗል፣ የልምምድ ሰዓቷም ጥሩ ነው። ውድድር ላይ ግን ሰው ሲጠጋት ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ቡጢ ትጨብጣለች፣ ወደ ውጭ መስመር ትሸሻለች። ማበረታታቱ ምንም አልፈየደም። ኢኤምዲአር (EMDR) የሚሉት፣ ዓይን እያንቀሳቀሱ የክፉ ትዝታን ጭንቀት የሚያክሙበት ዘዴ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሳይኮሎጂስት፦
አሰልጣኝ፣ መጀመሪያ ፍርሃቱ መቼ እንደጀመረ ይጣራ። ከመውደቋ በፊት ደህና ከነበረች ለዚህ ሕክምና ትመቻለች። ድሮም ውድድር የሚያስጨንቃት ከነበረች ግን መንገዱ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ኢኤምዲአርን የመከረው ከአደጋ በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመም ነው፤ ለውድድር ፍርሃት ያለው ማስረጃ ገና ትንሽ ነው።

ሥራው 8 ደረጃ አለው። ሰው የሚያውቀው ዓይን ማንቀሳቀሱን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ራሷን ማረጋጋት መማር አለባት። ይህ ሲዘለል ነው ነገሩ የሚበላሸው። ቀጥሎ ከሁሉ የከፋውን ቅጽበት ትመርጣለች፤ ለምሳሌ ስፓይኩ ሲያርፍባት። ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 ትመዝናለች፤ «ሰውነቴን መቆጣጠር እችላለሁ» የሚለውን ምን ያህል እንደምታምነው ደግሞ ከ1 እስከ 7። ያን ቅጽበት እያሰበች በዓይኗ እንድትከተለው ባለሙያው ጣቱን ግራና ቀኝ 24 ጊዜ ያህል ያመላልሳል፣ ያቆምና «አሁን ምን መጣልሽ?» ይላል። አይተረጉምም፣ አይመክርም። የጭንቀቱ ቁጥር ወደ 0 እስኪጠጋ ይደጋገማል። መጨረሻ ላይ ቀጣዩን ውድድር ከደወሉ ጀምሮ በሐሳቧ ትሮጠዋለች። አንዱ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል።

የአትሌቲክስ ባለሙያ፦
በውድድር ሳምንት አይጀመር፤ ከቀጠሮው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሕልምና ድካም ሊኖር ይችላል። በእርስዎ በኩል መጠጋጋቱን ቀስ በቀስ ያለማምዷት፦ በዝግታ 200 ሜትር ከአንድ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ ከዚያ ከሦስት፣ ከዚያ ተከባ። ፍርሃቱ እንደናረ አያቋርጡት፤ ያኔ ካቋረጡት መሸሽን ትማራለች። ቡናና ጫት ትወስድ እንደሆነም ትጠየቅ። ጅማ ላይ ይህ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ሁለቱም የልብ ምት ይጨምራሉ፣ እሷ ደግሞ «ፈራሁ» ብላ ትተረጉመዋለች።

አሰልጣኝ፣ ከጅማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቪዲዮ አይቼ እኔው ብሞክረውስ?

ሳይኮሎጂስት፦
በፍጹም። አንዱን ትዝታ ሲነኩት ሌላ፣ ከሩጫ ጋር የማይገናኝ በደል ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ የሚይዛት የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋታል። ክፍሉ ውስጥም አይግቡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይጠይቁ። በኢኤምዲአር የሠለጠነ ባይገኝ ትራውማ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናም ይሠራል። ምን እንደተነጋገሩም አይጠይቋት፤ ከፈለገች ራሷ ትነግርዎታለች።