«ሐረጎ ራሱ ያስተምረዋል»

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ቡድን ውስጥ «አዲስ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ ልጆች ቁልቁለት ላይ ሳይሠለጥኑ አይለቀቁ» ብዬ ብጽፍ አንድ ሰው «ሐረጎ ራሱ ያስተምረዋል» ብለው መለሱልኝ። እንቅልፍ ነሳኝ። ሐረጎ ማለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። የወንድሜ ልጅ የተፈተነው ሜዳ ላይ፣ በተተከሉ እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ እየነዳ ነው። መንጃውን ባወጣ በሦስተኛው ሳምንት አሮጌ ኮሮላ ይዞ ሲወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አደረጋት፤ ማርሹን አውጥቶ በነፃ ለቀቃት። አጠገቡ ነበርኩ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ የፍሬኑ ሽታ መኪናዋን ሞላት፤ ፔዳሉ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይወርድ ነበር። በማርሽ መውረድ የሚባል ነገር፣ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛት ማድረግ፣ ማንም አልነገረውም።

የሰኞ ገበያው ሾፌር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። ከረዳትነት ተነስቼ 30 ዓመት ነድቻለሁ። ማን አስተማረኝ? ሐረጎ።

የጦሳ ልጅ፦ «ከረዳትነት ተነስቼ» አሉ። እንግዲያው ያስተማረዎት አጠገብዎ የነበረው ሾፌር እንጂ ሐረጎ አይደለም። የዛሬው ልጅ አጠገቡ ማን አለ?

እናት ከኮምቦልቻ፦ «ያስተምረዋል» የሚባለው ማን ነው? ከኋላ የተቀመጡትስ? ጭነት ይዞ ሽቅብ የሚመጣው ተሳቢስ? ልጄ በየቀኑ በሚኒባስ ደሴ ትመላለሳለች። የሌላ ሰው ልጅ መማሪያ እንድትሆን አልወለድኳትም።

አሠልጣኝ፦ ሁሉም በእኛ ላይ ይዘምታል። ሐረጎ ይዤው ብወርድ ነዳጁን ማን ይከፍላል? ወላጅ የሚጠይቀኝ «መቼ ይጨርሳል?» ብሎ ነው። «ቁልቁለት ነድቷል ወይ?» ያለኝ አንድም ሰው የለም።

እናት ከኮምቦልቻ፦ እኔ እጠይቅዎታለሁ። ይኸው ጠየቅኩ።

ከባሕር ማዶ፦ ካሊፎርኒያ ከ18 ዓመት በታች ያለ አዲስ ነጂ ከአዋቂ ጋር 50 ሰዓት ካልነዳ ለፈተና አይቀርብም፤ 10ሩ ሰዓት በሌሊት ነው። እኛም እንዲህ እናድርግ።

የሰኞ ገበያው ሾፌር፦ በማን መኪና? እዚያ ወላጁ መኪና አለው። እዚህ መንጃ የሚያወጣው ልጅ ተቀጥሮ እናቱን ሊረዳ ነው። 50 ሰዓት ስትሉ ደሃውን ከመንገድ ታስወጡታላችሁ።

ቧንቧ ውሃ፦ ዕድሜው 21 ይሁን፤ ነገሩ ይዘጋል።

አሠልጣኝ፦ አይዘጋም። ሕጉ ለአውቶሞቢል 18 ነው ያለው። ፎሌ አድርጎ የሚወርድ የ40 ዓመት ሰው አሠልጥኛለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦ እንዲህ ከሆነ ለምን አሳለፍከው?

አሠልጣኝ፦ ፈታኙ እኔ አይደለሁም! ፈተናው ሜዳ ላይ ነው ስላችሁ አትሰሙም?

የጦሳ ልጅ፦ ነዳጁ ከሆነ ችግሩ፣ አምስት ተማሪ በአንድ መኪና ተራ በተራ ይውረድ። የሰኞ ገበያው ወንድሜ፣ እርስዎ አጠገባቸው ይቀመጣሉ?

የሰኞ ገበያው ሾፌር፦ እቀመጣለሁ። ቃሌን ግን አላነሳም፤ እኔን ያስተማረኝ ሐረጎ ነው።

እናት ከኮምቦልቻ፦ አሁንም ሐረጎ!