የሳምንቱ ክርክር፦ በፕሌይባክ ለሚዘፍን ድምፃዊ የባንድ ዋጋ እንክፈል?

የፋሲሎው
ሰላም ቤተሰብ። ከባህል ቡድን ወጥተው በግላቸው የሚሠሩ ድምፃውያን ባሕር ዳር ሲመጡ አብዛኞቹ ባንድ ይዘው አይመጡም። ፍላሽ ይሰካል፣ ትራኩ ማለትም ቀድሞ የተቀዳው ሙዚቃ ይለቀቃል፣ እነሱ ከላዩ ይዘፍናሉ፤ ፕሌይባክ የምንለው ይህን ነው። ጭራሽ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስም አለ። መግቢያው ግን የሙሉ ባንድ ዋጋ ነው። እኔ ይህ ነገር መቅረት አለበት ባይ ነኝ።

የእኛ ዘፈን ከሥሩ ከሰው ጋር የሚሠራ ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ እዩ። አንዱ ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ይወረውራል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል፣ ከራሱም አንድ ሰም ለበስ ይጨምርበታል፣ ቤቱ ይናወጣል። ትራክ ተቀበል ቢሉት አይቀበልም። ሰው ሲሞቅ ዘፈኑን ማስረዘም፣ ትከሻ ሲፈታ ምቱን መጨመር አይችልም። አራት ደቂቃው ሲሞላ ያበቃል፣ ሰው እስክስታው መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል።

በግል መውጣት ማለት ብቻን መውጣት አይደለም። አስቴር አወቀ ጎንደር ተወልዳ በግሏ ከመውጣቷ በፊት ድምጿን የገራችው ከአይቤክስና ከሌሎች ባንዶች ጋር በሆቴልና በክለብ እየዘፈነች ነው። ማሕሙድ አህመድ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው የመጣው። የእነሱ ድምፅ ሰው ፊት የማይፈራው ለዚህ ይመስለኛል።

የአባይ ማዶዋ
ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ድምፃዊት ነኝ። በባህል ቡድን ውስጥ ቆይቼ ነው የወጣሁት፣ ስለዚህ ነገሩን ከውስጥ ልንገርህ። ሙሉ ባንድ ማለት ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስ፣ ከዚያ ማሲንቆና ክራር ነው። ሰባት ሰው። ከአዲስ አበባ እዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ አሁን እንደ ድሮው አይደለምና በአውሮፕላን ይምጡ በል። ማረፊያ፣ አበል፣ የልምምድ ክፍያ። ይህን ሁሉ አንድ ነጠላ ዜማ ያወጣች ልጅ ከየት ታመጣለች?

አስቴርን ደግሞ ከእኛ ጋር አታወዳድር። ያኔ ሆቴሎች ባንድ ቀጥረው በየማታው ያሠሩ ነበር። ጀማሪ ሄዶ ከተዘጋጀ ባንድ ጋር ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ዛሬ ለባንድ ደሞዝ የሚከፍል ሆቴል ከተማችን ውስጥ ስንት አለ? መማሪያውን ካጠፋችሁ በኋላ ለምን አልተማርሽም አትበሉኝ።

ክራር መቺው
እህቴ ያልሽው እውነት ነው፣ ግን ሰባት ሰው የግድ ነው ያለሽ ማነው? ሜሪ አርምዴም አስናቀች ወርቁም ክራራቸውን ራሳቸው እየመቱ ነው ታሪክ የሠሩት። አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ ይበቃል። ሁሉም እዚሁ ጣና ዳር ያለ ባለሙያ ነው፣ አውሮፕላን አይፈልግም።

ትራኩ የሚያጠፋውን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ስሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለብኝ። ሰው ፊት ጆሮዬን ወደ ክራሩ ደፍቼ አጠብቃለሁ፣ አላላለሁ። ያቺን ፋታ ድምፃዊው በስንኝ ይሞላታል፣ ከሰው ጋር ይጨዋወትባታል። ትራኩ የሚሠራበት ኪቦርድ ግን ቅኝቱን በአንድ ቁልፍ ይቀይረውና ጨዋታው አብሮ ይሄዳል። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ደግሞ በኪቦርድ ሲወጣ ለእኔ ጆሮ ያ መጎምዘዙ ይጠፋል። ክረምት ላይ እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ ያላላዋል፣ ማሲንቆ መቺው ከመድረክ ጀርባ ከሰል አጠገብ ያሞቀዋል። ልፋት ነው፤ ሰው የሚከፍለው ግን ለዚህ ልፋት መስሎኝ።

የሳውንዱ ልጅ
ድምፃውያኑን ብቻ አትውቀሱ። ብዙ ጊዜ ፕሌይባክ የሚመርጠው አዘጋጁ ነው። ሁለት ማይክ ይከራያል፣ ሞኒተር (ድምፃዊው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) የለም፣ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ መሞከሪያ) የለም። ሰው መግባት ከጀመረ በኋላ «ቶሎ ቶሎ በል» እባላለሁ። ማሲንቆ ፊት ማይክ ስታቆም ቦታውን ካላገኘህለት ይጮህብሃል፣ እሱን ለማስተካከል ጊዜ ያስፈልጋል። መብራት ሲሄድ ጀነሬተር እስኪነሳ የሚጠፋው ጊዜም አለ። በዚህ ሁኔታ ላይቭ የሞከረች ድምፃዊት ድምጿን ራሷ ሳትሰማ ትዘፍንና ከቅኝት ትወጣለች፣ በማግስቱ ቪዲዮው ይዞራል። ከዚያ በኋላ ትራክ ብትመርጥ አልፈርድባትም።

ጋሼ (ከጊሽ አባይ)
ልጆቼ፣ እኛ አድማጮችስ? በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሌሊት ሙዚቃ ቤቱ ተዘጋ፣ ሰው ሙዚቃን በካሴት ለመደ። ከዚያ ወዲህ ዘፋኙ መድረክ ላይ ዜማውን ትንሽ ሲያዞረው «አበላሸው» የምንል ሆንን። ካሴቱ ላይ እንዳለው ካልዘፈነ አናጨበጭብም። ታዲያ እንደ ካሴቱ ከፈለግን ካሴቱን ቢያመጣልን ምን ይገርማል? የጎጃሙ ሙሉቀን መለሰ ገና በልጅነቱ ክለብ መድረክ ላይ ሲወጣ ሰው ታግሦ ሰምቶታል። ያ ትዕግሥት ከእኛም ይጠበቃል።

የፋሲሎው
ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል፤ ግን ታግሦ የሚሰማውም እኮ ላይቭ ነገር ሲያገኝ ነው። በትራክ ላይ ምኑን ልታገሥ? እሺ፣ ገንዘቡ ከሌለ በትራክ ይሁን። ማስታወቂያው ላይ ግን «በትራክ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፣ ዋጋውም ይቀንስ። ክራርና ማሲንቆ ብቻ ከሆነም ይጻፍ። እኔ ለእሱ ከፍ አድርጌ እከፍላለሁ፣ ጓደኞቼንም ይዤ እመጣለሁ። የማልቀበለው ሰው የማያውቀውን ነገር ከፍሎ መግባቱን ነው።

የአባይ ማዶዋ
ይጻፍ፣ እኔ እስማማለሁ። ግን አዘጋጆቹም ይጻፍ ሲባሉ ለሳውንድ ቼክ ሰዓት ይስጡ፤ የሳውንዱ ልጅ ያለውን አትዝለሉት። ክራር መቺው ወንድሜ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። በአንቺ ሆዬ የሚወጣ አንድ ዘፈን አለኝ፣ ትራኩን እስካሁን አልወደድኩትም።