«ፕሌይ የሚጠራው እሱ አይደለም» ለምትሉ፦ ፍራንክሊን ቨርጂኒያ ቴክ ላይ ምን ዓይነት ኦፌንስ (ማጥቃት) ያሳየናል?

የአናንዴሉ፦
እሺ፣ እኔ ትዕግስቴ አለቀ። ጄምስ ፍራንክሊን ሰኞ ለት (እንደ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 17፣ 2025) የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ ከሆነ ወዲህ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ሰርግ ነው። ትናንት ማታ ደግሞ ቢኒ «ከአሁን በኋላ በየጨዋታው 40 ነጥብ ነው፣ ኳሱ መሬት አይነካም» ብሎ ጻፈና ሰው ሁሉ ልብ ደረደረለት። ኧረ ቆይ፣ የምናወራው የፔን ስቴት አሰልጣኝ ስለነበረው ፍራንክሊን ነው ወይስ እኔ የማላውቀው ሌላ ፍራንክሊን አለ? ጥር ላይ ኦሬንጅ ቦውል፣ ለፍጻሜ ለማለፍ ከኖተርዳም ጋር ሲጫወት፣ ከዋይድ ሪሲቨሮቹ (ኳስ ተቀባዮቹ) ኳስ የያዘ አንድም ሰው የለም። ሙሉ ጨዋታ! 27 ለ 24 ተሸንፎ ወጣ። ለሪሲቨር ካልተወረወረማ ልክ ነህ፣ ኳሱ መሬት አይነካም።

ሆኪው ቢኒ፦
ሰላም ለሁሉም፣ ከአናንዴሉ በስተቀር 😂
ስንቴ ልንገርህ፣ ፕሌይ የሚጠራው እሱ አይደለም። ያን ቀን ፕሌይ የሚጠራው፣ ማለትም እያንዳንዱን ሙከራ የሚመርጠው፣ የኦፌንስ ኮኦርዲኔተሩ (ረዳት አሰልጣኙ) ኮተልኒኪ ነበር። ፍራንክሊን ሄድ ኮች (ዋና አሰልጣኝ) ነው። ልጆች ይመለምላል፣ ስታፍ ይቀጥራል፣ ፕሮግራም ይገነባል። ጥሩ ኮኦርዲኔተር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን 2016 ላይ አይተናል። ጆ ሙርሄድን ከፎርድሃም አመጣው፣ በዓመቱ የሊጋቸው፣ የቢግ ቴን፣ ሻምፒዮን ሆኑ። ዊስኮንሲን 28 ለ 7 እየመራቸው 38 ለ 31 ገለበጡት። ሮዝ ቦውል ላይም ቢሸነፉ 49 ነጥብ አስቆጥረው ነው። ያንን ኦፌንስ እኛ ብናገኝ ትጠላለህ?

የአናንዴሉ፦
«ፕሌይ የሚጠራው እሱ አይደለም።» በጣም ጥሩ፣ ይቺን ያዙልኝ። ሲያሸንፍ ሙርሄድን ያመጣው እሱ ነው። ሲሸነፍ ፕሌይ የጠራው ኮተልኒኪ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ለኔም ፈልጉልኝ።

የፊሊው ልጅ፦
የፔን ስቴት ደጋፊ ነኝ፣ 12 ዓመት ሙሉ እሱን ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ይፈቀድልኝ። ቢኒ ወንድሜ፣ እንዳንተ ስል ነበር። ቃል በቃል። ዶኖቫን ሲሄድ ይስተካከላል አልን። ሙርሄድ መጣ፣ እውነትም ተስተካከለ፣ በሁለት ዓመቱ ሄደ። ከዚያ ሬይኒ፣ ከዚያ ሲያሮካ፣ ከዚያ ዩርሲች፣ ከዚያ ኮተልኒኪ። ስድስት ኮኦርዲኔተር ተቀያይሯል፣ ትልቅ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የምናየው ነገር ግን ያው ነው።

2018ን አስታውሱ። ኦሃዮ ስቴት በሜዳችን። 26 ለ 14 እየመራን 27 ለ 26 ገልብጠውናል። መጨረሻ ላይ አራተኛ ሙከራ ነው፣ አምስት ያርድ ቀርቷል፣ ካላገኘነው ኳሱ የነሱ ነው። ኳርተርባካችን (ኳስ ወርዋሪያችን) ማክሶርሊ ያን ቀን ብቻውን 175 ያርድ በእግሩ ሮጧል፣ ማንም ሊይዘው አልቻለም። ታይምአውት ተጠራ፣ ተመከረ፣ ከዚያ ኳሱ ለራኒንግ ባክ (ለሯጩ) ተሰጠና እዚያው ተቀበረ። አሁን 2024 ላይ ኑ። ያው ኦሃዮ ስቴት፣ ያው ሜዳ። ለማግባት ሦስት ያርድ ሲቀረን አራት ሙከራ አለን። ሦስት ጊዜ ተከታታይ ራኒንግ ባኩን አለንን መሃል ለመሃል ላኩት፣ አራተኛው ፓስ ወደቀ። የዓመቱ ምርጥ ታይት ኤንድ (የሚያግድም፣ ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) ዋረን እዚያው ሜዳ ላይ ቆሟል፣ ኳስ አልነካም። 20 ለ 13። በሁለቱ መሃል ስድስት ዓመት አለ፣ ኮኦርዲኔተሩም ሌላ ነው። ታዲያ አንድ የሆነው ማነው?

ሆኪው ቢኒ፦
አንተ የተጎዳ ሰው ነህ፣ እረዳሃለሁ። ግን ሁለቱም ኦሃዮ ስቴት ነው። እኛ ያለነው ሌላ ሊግ፣ ኤሲሲ ውስጥ ነው። ኦሃዮ ስቴት የለብንም።

የፊሊው ልጅ፦
ዩሲኤልኤስ ኦሃዮ ስቴት ነው? ዘንድሮ አንድ ጨዋታ እንኳን ሳያሸንፍ የጠበቀን ቡድን 42 ለ 37 አሸነፈን። በሳምንቱ ኖርዝዌስተርን በሜዳችን 22 ለ 21። ማግስቱን ፍራንክሊን ተባረረ።

ሆኪው ቢኒ፦
ራስህ ተናገርከው! 37 ነጥብ አግብቶ ነው የተሸነፈው። ይሄ የዲፌንስ ክስ ነው፣ የኦፌንስ አይደለም። ርዕሱን አንብብ።

ኳስ ማለት አርሰናል፦
ይቅርታ፣ «አራተኛ ሙከራ አምስት ያርድ» ምንድነው? የመሬት ሽያጭ ግሩፕ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ሆኪው ቢኒ፦
አንተ ዝም ብለህ ኮርነር እየቆጠርክ ቆይ።

ኤደን ብላክስበርግ፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ፣ ማን ነው የሚጫወተው? ኳርተርባካችን ድሮንስ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ኳርተርባክ የለንም ማለት ነው። ኦፌንሲቭ ላይናችንን (ኳርተርባኩን የሚጠብቁትን) ደግሞ ያየ ያውቀዋል፣ እኔ ሌን ስታዲየም ተገኝቼ በዓይኔ አይቼ ተመልሻለሁ። ቡድኑ 3 አሸንፎ 7 ተሸንፏል። እዚህ ቡድን ላይ የሙርሄድን ኦፌንስ ብትጭኑበት ኳርተርባኩ ሆስፒታል ነው የሚገባው።

እኔ የምጠብቀውን ልንገራችሁ። ሁለት ታይት ኤንድ፣ ሁለት ራኒንግ ባክ በየተራ፣ ሩጫ፣ ሩጫ፣ ከዚያ ፕሌይ አክሽን (ሩጫ አስመስሎ መወርወር) ለታይት ኤንዱ። ፔን ስቴት ላይ በየዓመቱ ያ ነገር አልጠፋም፦ ጌሲኪ፣ ፍራየርሙት፣ ዋረን። ዋረን አምና 104 ኳስ ይዟል፣ ታይት ኤንድ ሆኖ! ልጁ ደግሞ የኛው የቨርጂኒያ ልጅ ነው፣ ከሜካኒክስቪል። አያምርም፣ ግን 9 ጨዋታ ያሸንፋል። እኔ 9 ጨዋታ ርቦኝ ነው ያለሁት።

የአናንዴሉ፦
ኤዱ፣ አንቺ ጨዋ ስለሆንሽ ነው እንጂ ከኔ ጋር ተስማምተሻል። 40 ነጥብ የለም ብለሻል።

ኤደን ብላክስበርግ፦
አልተስማማሁም። አንተ አይረባም ነው የምትለው። እኔ አሰልቺ ነው ግን ይሠራል ነው ያልኩት። አፌ ላይ ቃል አታስቀምጥ።

ጋሽ ታዴ፦
ልጆች ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከ1998 ጀምሮ ሆኪ (የቨርጂኒያ ቴክ ደጋፊ) ነኝ። ማይክል ቪክ በ1999 ቡድኑን ይዞ ፍጻሜ ድረስ ሲሄድ አብዛኞቻችሁ ዳይፐር ላይ ነበራችሁ። ፍሎሪዳ ስቴት 46 ለ 29 አሸነፈን፣ እኛ ግን አላፈርንም። የድሮው አሰልጣኛችን ቢመር 29 ዓመት ሲያሰለጥን ስለ ኦፌንስ እንደዚህ ያወራ ሰው አልነበረም። ፐንት (የተቃራኒውን ረጅም ምት) ታግዳለህ፣ ዲፌንስህ ይይዛል፣ ኦፌንሱ ኳስ አይጥል እንጂ ሌላ አይጠየቅም። አሁን ሁሉም ሰው ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። መጀመሪያ ከኖርፎክ፣ ከሃምፕተን፣ ከኒውፖርት ኒውስ ልጆቹን ይመልስልን። ቪክ ከዚያ ነው፣ ታይሮድ ቴይለርም ከዚያ ነው።

የፊሊው ልጅ፦
ጋሼ፣ እንዳሉት እሱ ከኖርፎክ ይመለምላል። ችግሩ ከመጡ በኋላ ነው። ላምበርት-ስሚዝ የኖርፎክ ልጅ ነው፣ ፔን ስቴት መጣ፣ ከዓመት ዓመት ሪሲቨር የለም እየተባልን ቆየን፣ ልጁ ኦበርን ሄዶ በመጀመሪያ ዓመቱ ከ900 ያርድ በላይ ሠራ። ያው እጅ፣ ያው እግር። ዘንድሮ ደግሞ ሦስት ሪሲቨር ከውጭ አመጡ፣ ከሲራክዩዝ፣ ከትሮይ፣ ከዩኤስሲ። ምን ተለወጠ?

ሆኪው ቢኒ፦
ኳርተርባኩ አላር ነበራ! ሪሲቨር ምን ያድርግ?

የአናንዴሉ፦
አሁን ደግሞ አላር ሆነ። ፕሌይ የሚጠራው እሱ አይደለም፣ የሚወረውረውም እሱ አይደለም። ቢኒ፣ ለዚህ ሰውዬ ምን ብለን ነው የምንከፍለው?

ሳሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ የሜሪላንድ ሰው ነኝ፣ እያየኋችሁ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ፕሌይ የሚጠራው እሱ አይደለም? ወንድሜ፣ ሰውዬው እኛ ጋ ከ2008 እስከ 2010 የኦፌንስ ኮኦርዲኔተር ነበር! ሥራው እሱ ነበር። ከዚያ በፊትም ካንሳስ ስቴት ላይ እንደዛው። ኮሌጅ ሲማርም ኳርተርባክ ነው የተጫወተው። ከዲፌንስ የመጣ አሰልጣኝ «ኦፌንሱ አይመለከተኝም» ቢል ይገባኛል። ይሄ ግን ሙያው ነው።

የአናንዴሉ፦
ሳሚ ይመችህ 🙏 ቢኒ፣ መልስ።

ሆኪው ቢኒ፦
ይሄ ለኔ ነው የሚያግዘኝ። ኦፌንስ ያውቃል ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ኮኦርዲኔተር መምረጥ ይችላል። ሙርሄድን ማን መረጠው?

የፊሊው ልጅ፦
ዩርሲችንስ ማን መረጠው? 2023 ላይ ኦሃዮ ስቴት ሜዳ ሄደን በሦስተኛ ሙከራ ከ16 አንዴ ነው የተሳካልን። ከ16 አንዴ! ዩርሲች ሚሺጋን ሲያሸንፈን በማግስቱ ወጣ። ከስድስት አንድ መርጦ ማግኘት መምረጥ ነው ወይስ ሎተሪ?

ኤደን ብላክስበርግ፦
ስለ ዩርሲች ልክ ነህ። ኮተልኒኪን ግን አትበድለው፣ አምና 13 ጨዋታ አሸንፋችሁ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሄዳችኋል። በቦይዚ ስቴት ላይ 31፣ በኤስኤምዩ ላይ 38 አስቆጥራችሁ። ይሄን የሚመስል ዓመት ለኛ ቢመጣ ብላክስበርግ ላይ ሦስት ቀን ሰው አይተኛም።

የፊሊው ልጅ፦
ልክ ነሽ፣ ያንን እኛም ወደነዋል። ከአሥሩ ምርጥ ቡድኖች ጋር 4 አሸንፎ 21 መሸነፉን ነው ያልወደድነው።

ጋሽ ታዴ፦
ለመሆኑ ሬይኒ የሚባለው ሰውስ? እዚሁ ቨርጂኒያ ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ አይደል ያለው? የፍራንክሊን የድሮ ኮኦርዲኔተር። መስከረም ላይ በገዛ ሜዳችን 45 ለ 26 አልብሶን፣ የያኔው አሰልጣኛችን ፕራይ በማግስቱ ተባረረ። ያንን ሰው ለምን አያመጡትም? ቢያንስ እኛ ላይ ማግባት ያውቃል።

ሆኪው ቢኒ፦
😂😂 ጋሼ ይሙቱ! እሱ እኮ አሁን ራሱ ሄድ ኮች ነው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮኦርዲኔተር አይሆንም።

የአናንዴሉ፦
ጋሽ ታዴ፣ ያቺን 2018 ላይ አራተኛ ሙከራዋን የጠራው እኮ እሱ ነው። ኮኦርዲኔተሩ ሬይኒ ነበር። ቢኒ እንደሚለው ከሆነማ ጥፋቱ የሬይኒ ነው ማለት ነው። ሬይኒ ግን ያለ ፍራንክሊን መጥቶ 45 አገባብን። ከፍራንክሊን ጋር ሲሆን አምስት ያርድ ማግኘት ያቅተዋል፣ ብቻውን ሲሆን 45። ይሄን አስረዳኝ።

ሆኪው ቢኒ፦
ያገባው የፕራይ ዲፌንስ ላይ ነዋ! ፕራይ ደግሞ...

ሳሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ፕራይ ደግሞ ከ2014 እስከ 2021 የማን ስታፍ ላይ ነበር? ጨርሰው 😂

ሆኪው ቢኒ፦
አቦ አንተ የሜሪላንድ ሰው ምን አገባህ? እናንተ መጀመሪያ ስታዲየማችሁን ሙሉ።

ሳሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ ስታዲየም ባይሞላም ፓርኪንግ አለ። እናንተ ጋ ለመምጣት 81 አውራ ጎዳና ላይ አራት ሰዓት ከትራክ ጋር መጋፋት ነው።

ጋሽ ታዴ፦
ስለ ገንዘብ ካነሳችሁ እኔ የምጠይቀው አለኝ። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ለስፖርቱ በአራት ዓመት 229 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ አሉ። ትንሿ ልጄ እዚያው ኢንጂነሪንግ ናት። ይሄ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?

ኤደን ብላክስበርግ፦
ጋሼ፣ ስለ ገንዘብ ያነሳ ሰው የለም እኮ 😅 ግን ጥያቄው ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ባይመጣ ኖሮ ፍራንክሊንም አይመጣም ነበር። የሚገርመኝ፣ ከፊሉ የሚውለው ለተጫዋቾች ክፍያ ነው። ስለዚህ «ጥሩ ላይን የለንም» የሚለው ሰበብ ከሚቀጥለው ዓመት በኋላ አይሠራም። ለኔ ፈተናው እዚያ ጋ ነው። ሪሲቨርና ኳርተርባክ ላይ ይከፍላል ወይስ እንደ ልማዱ ራኒንግ ባክና ዲፌንስ ላይ? ታኅሣሥ ላይ ማን እንደሚፈርም ስናይ ስለ ኦፌንሱ ከማንም መግለጫ የበለጠ እናውቃለን።

የአናንዴሉ፦
የመጀመሪያው ከፍተኛ ክፍያ ለታይት ኤንድ ነው። ይኸው ጽፌዋለሁ፣ ስክሪንሹት አድርጉት።

ሆኪው ቢኒ፦
ለታይት ኤንድ ቢከፍል ምን ነውር አለው? ዋረን 1,200 ያርድ ሲሠራ ያጨበጨብክ አንተ ነህ።

የአናንዴሉ፦
እኔ ለዋረን አጨበጨብኩ። ሦስት ያርድ ላይ ኳስ ለከለከለው ሰው አላጨበጨብኩም።

ሆኪው ቢኒ፦
የከለከለው ኮተልኒኪ ነው አልኩህ እኮ!!

የፊሊው ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሄድ ኮች ጆሮው ላይ ሄድሴት አለ። ለጌጥ ነው እንዴ?

ኳስ ማለት አርሰናል፦
እኔ እስካሁን ያልገባኝ፣ ሰውየው ፕሌይ ካልጠራ፣ ካልወረወረ፣ ካልያዘ፣ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል?

የአናንዴሉ፦
ይሄ ልጅ ከሁላችሁም ቀድሞ ገባው። ቢኒ፣ እሱን መልስለት።

ሆኪው ቢኒ፦
ቅዳሜ ማያሚ አለብን፣ ከአንድ አርሰናል ጋር የምጨቃጨቅበት ጊዜ የለኝም።

የአናንዴሉ፦
መልስ የለህም ማለት ነው።

ሆኪው ቢኒ፦
አለኝ። ሲጠየቅ የሚመልሰው እኔ አይደለሁም 😂