ዘፋኙ ጠፋብኝ! ባላንስድ ኬብል የምታውቁ ድረሱልኝ

ቀበሌ 14፦ ሰላም ለቤቱ። ነገ የልጄ ክርስትና ነው፣ ስቴሪዮው ጉድ ሠራኝ። በቀይና ነጩ አርሲኤ ገመድ ስሰካው «እምምም» ይላል። ሱቅ ሄጄ ጩኸት የሚቀንሰውን፣ ባላንስድ የሚሉትን ኬብል ስጡኝ ብል ባለ ሦስት እግሩን ኤክስኤልአር ሰጡኝ። ጩኸቱ ቀነሰ፣ ዘፋኙ ግን የለም! ጭብጨባው አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ሰውየው ጓዳ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ኬብሉ ፎርጅድ ነው? የቱን ልግዛ?

ጣና ዳር፦ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፍለት፣ ይመጣል።

ፔዳ፦ ርካሽ ገመድ ነው። ወፍራሙን፣ ወርቅ ቅቡን ግዛ።

ጋሼ ሬዲዮ፦ ወርቁን ለሠርግ ተዉት ልጆች። ባላንስድነት በውፍረት አይደለም። 1 ቁጥር እግር ኧርዝ ነው። 2 ቁጥር ድምፁን ይይዛል፣ 3 ቁጥር ያንኑ ገልብጦ ይይዛል። ተቀባዩ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። መንገድ ላይ የገባው የመብራት 50 ኸርዝ ጩኸት ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ተቀናንሶ ይጠፋል። ግን ላኪውም ባላንስድ መሆን አለበት። ለመሆኑ ልጄ፣ ከምን ላይ ነው የሰካኸው?

አባይ ማዶ፦ ቻርጀሩን ንቀል።

ቀበሌ 14፦ ከላፕቶፕ ነዋ፣ ከኢርፎን ቀዳዳው። በአንድ በኩል ትንሽ ጃክ፣ በሌላው አንድ ኤክስኤልአር። አንዱ ስፒከር ላይ ሰክቼ ወደ ሁለተኛው አሻገርኩት።

ሚክሰር፦ በቃ ታወቀ። የኢርፎን ቀዳዳ ባላንስድ አይደለም፣ ግራና ቀኝ ነው የሚያወጣው። ያ ኬብል ግራውን 2 ላይ፣ ቀኙን 3 ላይ አስሮታል። ስፒከሩ ደግሞ ይቀንሳል። ዘፋኙ ሲቀረጽ ድምፁ መሃል ስለሚቀመጥ በግራም በቀኝም እኩል ነው። እኩል ከእኩል ሲቀነስ ዜሮ። ቤዙም አብሮ ይሳሳል። ኬብሉ ደህና ነው፣ ለአንተ ሥራ ግን አይሆንም። ከትንሽ ጃክ ወደ ሁለት ኤክስኤልአር የሚከፈለውን ፈልግ፤ በእያንዳንዱ 1 እና 3 የተያያዙ ይሁኑ። ካጣህ የሚበይድ ሰው ይሠራልሃል። ለዘለቄታው ባላንስድ መውጫ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድና ሁለት ተራ የማይክ ኬብል ይበቃሃል። ለነገ አርሲኤውን መልስና ላፕቶፑን በባትሪ አጫውት።

አባይ ማዶ፦ ቻርጀሩን ንቀል አላልኩም?

ፔዳ፦ ወይ የአምፑን (የስፒከሩን ማጉያ) ሶኬት የኧርዝ እግር ቁረጠው። እኔ ጋ ሠርቷል።

ጋሼ ሬዲዮ፦ እንዳትነካው! ነገ ቤትህ ሕፃናት ይሞላሉ። አምፑ ውስጥ ሽቦ ተላቆ ቆርቆሮውን ቢነካ 220 ቮልቱ የነካው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ይልቅ ላፕቶፑንም ስፒከሮቹንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ፣ ጩኸቱ አንዳንዴ በዚያው ይቀንሳል።

ሽንብጥ፦ ቤት ሙሉ ሰው እያወራ «እምምም»ን ማን ይሰማል? ጠላው እንዳያልቅ አስብ።

ጣና ዳር፦ ቢምቢ እንዳይሆን ብቻ። ሐይቁ ዳር አይደለህ?

ፖሊ፦ ሚክሰር ያለውን ባለ ሁለት ኤክስኤልአር ባሕር ዳር ያገኘ ካለ ሱቁን ጠቁሙኝ። እኔም እሱን ነው የምፈልገው።