የዕቃ ቤቱ እርጥበት፦ ለሰበካ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ፣ ረቂቅ ሦስት

ጸሐፊ፦ ክረምቱ ሳይገባ ይህ ወረቀት ሰበካ ጉባኤ መድረስ አለበት። የብራና መጻሕፍቱ የሚቀመጡበትን ዕቃ ቤት የሰሜን ግድግዳ ሲሚንቶ ፍቆ በኖራ መለሰን፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ፣ አራት የእርጥበት መለኪያ። ባንክ ያለው 640,000 ብር ይበቃናል። ርእሱን «የሙዚየም ማሻሻያ» ብዬዋለሁ።

መሪጌታ፦ ሙዚየም ያለው ማን ነው? ዕቃ ቤት ነው።

ከሲያትል፦ መሪጌታ፣ እዚህ ለሚለግሰው ሰው ዕቃ ቤት ስንለው የእህል ጎተራ ይመስለዋል። ሙዚየም ይባል።

ከባሕር ዳር፦ ቤተ መዘክር ይባልና ይለቅ።

መሪጌታ፦ ቤተ መዘክር ያለፈ ነገር የሚዘከርበት ነው። የእኛ የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓው፣ ትናንት ለማኅሌት ወጥቶ አድሯል።

ኢንጂነሩ፦ ስሙን ተዉትና ይህን ስሙኝ። ባለፈው ነሐሴ ከንጋቱ 12 ሰዓት በራሴ መለኪያ 84 ከመቶ አነበብኩ። ከ65 ከመቶ አልፎ አየሩ ከታፈነ ሻጋታ ይጀምራል። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከጥላሸት የተሠራው ጥቁር ቀለም ደግሞ ላዩ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ በዚህ መሳሳብ መካከል እየተላጠ ይረግፋል። ጣሪያው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ከተቀየረ ወዲህ ብሷል፦ ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፣ የቤቱ እንፋሎት ከሥሩ ውኃ ይሆናል፣ ጎህ ሲቀድ ይንጠባጠባል። የተአምረ ማርያሙን መጽሐፍ የቆዳ ማኅደር በጣቴ ብነካው አረንጓዴ ዱቄት ይዞ ተነሣ።

ከሲያትል፦ ተረድተናል። ሙዚየም የማይባልበት ምክንያት ግን አልተነገረንም።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ ልንገርህ። ደረሰኙ «ለዕቃ ቤት እድሳት» ተብሎ ታትሟል። 2,000 ቅጠል። ስም ከተቀየረ ማኅተሙም የባንኩ ደብዳቤም ይቀየራል።

ከባሕር ዳር፦ ደረሰኝ ነው እንግዲህ የሚያዘን?

ሒሳብ ያዥ፦ አዎን። አምና ያለ ደረሰኝ የተሰበሰበው ምን እንዳመጣ አንተ ታውቀዋለህ።

ከባሕር ዳር፦ ይህን ነገር እዚህ ማንሣት ነውር ነው። ከማኅበሩ ወጥቻለሁ!

መሪጌታ፦ ልጆቼ፣ ተዉ እንጂ። በየማለዳው ያንን ጠብታ በነጠላዬ የምጠርገው እኔ ነኝ። እንደ ፈለጋችሁ ጥሩት። ቤቱ ግን ዕቃ ቤት ነው።

ጸሐፊ፦ መለኪያዎቹን ከዱባይ ይዤ እመጣለሁ ያለችው እህታችን የት ደረሰች? ከየካቲት ወዲህ መልስ የላትም።

ከሲያትል፦ መለኪያው ይቆይ። የመስታወት ቁም ሣጥን ልግዛና በመርከብ ልላክ። ሙዚየም ያለ መስታወት አይሆንም።

ኢንጂነሩ፦ እርጥብ ብራና መስታወት ውስጥ መቆለፍ ሻጋታ ማርባት ነው። ማኅደሩ በማንገቻው ችካል ላይ ሲሰቀል ከወለሉ ይርቃል፣ አየርም ይዞረዋል፤ ከእርጥቡ ግድግዳ ብቻ ራቅ ይበል። ሲሚንቶው ይነሣ የምለውም ያለ ነገር አይደለም። ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ፣ ጣሊያን በሲሚንቶ የጠገነውን በኋላ እያነሡ በኖራ ተክተውታል። ኖራ ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ውኃውን ግድግዳው ውስጥ ያስቀረዋል። ይህን ስናገር ሦስተኛዬ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ወጥቻለሁ ያልኩት በንዴት ነው። ሒሳብ ያዣችን ይቅር ይበለኝ። አንድ ሐሳብ አለኝ፦ አሮጌው ዕቃ ቤት እንደ ስሙ ይኑር፣ ሙዚየሙን አጠገቡ በብሎኬት እንሥራው። መሪጌታም አይከፉ፣ ሲያትልም አይከፋ።

ከሲያትል፦ ይህ ነው ሐሳብ! የመሠረት ድንጋዩ ለመስቀል ይቀመጥ፣ እኔም እመጣለሁ። የለጋሾች ስም በእብነ በረድ ይቀረጽ።

ሒሳብ ያዥ፦ ለአዲስ ግንባታ ከሆነ አዲስ ደረሰኝ ይታተማል። በዚህ ቅር አይለኝም።

ኢንጂነሩ፦ 640,000 ብር መሠረቱንም አያወጣ። ግድግዳውስ?

ጸሐፊ፦ ረቂቅ አራትን አዘጋጅቻለሁ፦ «የሙዚየም ግንባታ፣ ምዕራፍ አንድ»። ኖራው፣ ኮርኒሱና መለኪያው ወደ ምዕራፍ ሁለት ተዛውረዋል። ኢንጂነር፣ ንድፉን እርስዎ ይሠሩልናል ብለን ነው። እስከ ዓርብ ቢደርስ?

ጸሐፊ፦ ኢንጂነር?

መሪጌታ፦ ትናንት ሌሊት ዘንቧል። ከማኅደሮቹ በላይ ላስቲክ ወጥሬያለሁ፤ 900 ብር ከኪሴ ወጥቷል። ለማን ላስመዝግብ?

ሒሳብ ያዥ፦ ደረሰኝ አለዎት?