የቦልሩም ውድድር ፎቶ፦ ለአዘጋጆች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

አወያይ፦
ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ለቦልሩም ዳንስ (ጥንዶች አዳራሽ ወለል ላይ የሚደንሱት) ውድድር አዘጋጆች የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንቅረጸው። ፎቶ አንሺዎችና ዳንሰኞች በአንድ ወረቀት ላይ ስንፈርም የመጀመሪያችን ነው፤ ስለዚህ አንቸኩል። መነሻ ረቂቁ አራት ነጥብ አለው። ፎቶ አንሺው የት ይቁም? ፍላሽ ይፈቀድ? የልጆች ፎቶ እንዴት ይያዝ? ፎቶው ለተወዳዳሪው በምን መንገድ ይድረስ? የጎደለውን ጨምሩ።

አንጋፋ ፎቶ አንሺ፦
የጎደለው ዋናው ነው ልጆቼ። ረቂቁ ስለ ቦታና ስለ መብራት ይናገራል፤ ስለ ዳንሱ ግን አንድም ቃል የለውም። ዳንሱን የማያውቅ ሰው ጥሩ ቦታ ቢሰጠው ምን ያደርግበታል?

እኔ ከሠርግ ሥራ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያ ውድድሬን አንስቼ ስጨርስ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ብርሃናቸውም የተስተካከለ። አንዲት ተወዳዳሪ ዋልዝ የተባለውን ዳንስ ስትደንስ ያነሳኋትን ፎቶ አየችና ዝም አለች። ቆይታ «ጋሼ፣ ፎቶው ያምራል። ግን እዚህ ላይ እየደነስኩ አይደለም፤ እየተራመድኩ ነው» አለችኝ። ደግሜ አየሁት። ጉልበቷ ታጥፏል፣ ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጠቅልሏል፣ አንገቷ ገና አልተዘረጋም። ልክ ነበረች።

ዋልዝ በሦስት ምት እየተቆጠረ ይወርዳል፣ ይወጣል። በ«አንድ» ጥንዶቹ ዝቅ ብለው ይገፋሉ። በ«ሁለት» መነሳት ይጀምራሉ። በ«ሦስት» በጣታቸው ቆመው ሰውነታቸው ይዘረጋል፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ፎቶው ያለው ያ ከፍታ ላይ ነው። አይቼ ልጫን ካልኩ አልፏል። ስለዚህ ጣቴን የሚያዘው ጆሮዬ ነው። የውድድር ዋልዝ በደቂቃ ከ28 እስከ 30 ባር (የሙዚቃ ምቶች አንድ ዙር ቆጠራ) ይሄዳል፤ በየባሩ 3 ምት። በየ2 ሰከንዱ ገደማ አንድ ዕድል ማለት ነው። ዳንሱ ደቂቃ ተኩል ቢቆይ ቢበዛ 45 ዕድል። ፍጻሜ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 6 ጥንዶች አሉ። እስኪ አካፍሉት። በዚያ ላይ ዳኛ ያልፋል፣ ሌላ ጥንድ ይጋርዳል።

ስለዚህ 5ኛ ነጥብ ይግባልኝ፦ ፎቶ አንሺው ከውድድሩ በፊት ልምምድ ላይ ተገኝቶ መቁጠር ይልመድ።

ወጣት አባል፦
ጋሼ፣ እስማማለሁ። ግን የአሁኑ ካሜራ በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል። ባልቆጥርም ከመሃሉ አንዱ አይወጣም?

አንጋፋ ፎቶ አንሺ፦
ይወጣል ወንድሜ። ከ20ው የትኛው እንደሆነ ግን በምን ትለየዋለህ? መምረጡም ያው ዳንሱን ማወቅ ነው።

የዳንሰኞች ተወካይ፦
ጋሼ ያሉት እኛ ለዓመታት ስንመኘው የነበረ ነገር ነው። ጥቂት ልጨምር።

በስታንዳርድ ዳንሶች፣ ማለትም በዋልዝ፣ በታንጎ፣ በቪየና ዋልዝ፣ በፎክስትሮትና በኩዊክስቴፕ፣ ሴቷ ጭንቅላቷን ወደ ግራዋ አድርጋ ትዘረጋለች። ከወንዱ ጀርባ ሆናችሁ ብታነሱ የምታገኙት ጥቁር ኮትና ጀርባው ላይ ያለውን የተወዳዳሪ ቁጥር ነው። ያቺን አንዴ አንሷት፤ በኋላ ጥንዱን ለመለየት ትጠቅማለች። የሚያምረው ግን የተያያዙት እጆች ያሉበት ወገን ነው። እሱ ክፍት ነው።

እንደ ሩምባና ጃይቭ ባሉት የላቲን ዳንሶች ሌላ ነው። ሩምባን አስቡት። ጉልበቷ ቀጥ ይላል፣ ዳሌዋ ይረጋል፣ እጇ እስከ ጣቷ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለችው ቅጽበት ናት ፎቶዋ፤ ቀድማችሁ ከተጫናችሁ እጇ መንገድ ላይ ነው። ጃይቭ ላይ ደግሞ ምቱ ፈጣን ስለሆነ እግር ተወርውሮ ጫፉ ሲሾል ካልያዛችሁት አይገኝም።

አደራ ደግሞ፣ እግራችንን አትቁረጡብን። ስንት ወር የለፋንበት እዚያ ነው ያለው።

ወጣት አባል፦
ስለ ፍላሽ ላንሳ። አንዳንዱ አዳራሽ ጨለማ ነው። የካሜራዬን የብርሃን ስሜት (አይኤስኦ) 6400 አድርጌ፣ ብዙ ብርሃን በሚያስገባ የኤፍ 2.8 ሌንስ እንኳ፣ እንቅስቃሴን ወደሚያቆመው የ1/500 ሰከንድ ፍጥነት መድረስ ያቅተኛል። ቢያንስ ከሩቅ ቢፈቀድልን?

የዳንሰኞች ተወካይ፦
ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል። ግን የቪየና ዋልዝ በደቂቃ እስከ 60 ባር ነው የሚሄደው፤ 180 ምት ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት እየዞርኩ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ቢገባ ከጎኔ ያለውን ጥንድ አላየውም። መጋጨት አለ፣ መውደቅ አለ። በዳንሱ መሃል ፍላሽ አይኑር። በሽልማቱና በግብዣው ላይ እንደ ልባችሁ።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
መሃል መንገድ አለ። ፍላሽ ከመጠየቅ ይልቅ ከአዘጋጆቹ የተረጋጋ መብራት እንጠይቅ። ዳንሱ ላይ ቀለሙ የማይቀያየር፣ ከዙር ዙር የማይደበዝዝ። ፎቶ አንሺው ደግሞ በሩ ሳይከፈት 20 ደቂቃ ይሰጠው። የኤልኢዲ መብራት ዓይናችን ሳያየው ይርገበገባል፤ ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሸተር (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን የካሜራ ክፍል) ስንጠቀም ፎቶው ላይ ዥንጉርጉር መስመር ይጥላል። ይህን ቀድሞ መፈተሽ ይገባል፤ ሙሉ ዙር በዚህ ተበላሽቶብኝ ያውቃል። የጥቁር ኮትና የነጭ ቀሚስ ብርሃን ሚዛንም እዚያው ይያዛል።

አወያይ፦
ይህ ገባ፤ ፍላሽም በዳንስ ጊዜ አይኖርም። ቦታስ?

አንጋፋ ፎቶ አንሺ፦
ጥግ። ጥንዶቹ ወለሉን የሚዞሩት ከሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ከወለሉ ውጭ ቆሜ ወደ መሃል ስመለከት ከግራዬ ወደ ቀኜ ያልፋሉ። ረጅሙ ጎን የሚያልቅበት ጥግ ላይ ብቆም ግን ወደ እኔ ይመጣሉ፣ እዚያውም ይታጠፋሉ። ሲታጠፉ ቀሚሱ ይከፈታል። ሁለት ጥጎች ምልክት ተደርጎባቸው ለእኛ ይተዉልን። ይህ ቅንጦት አይደለም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዳንስ ስፖርት ፌዴሬሽኑ ዕውቅና ሰጥቷል። ስፖርት ከሆነ እንደ ማንኛውም ስፖርት የፎቶ አንሺ ቦታ ይኑረው። እኛም በበኩላችን ከዳኛ ፊት አንቆምም፣ የዳኛ የነጥብ ወረቀትም አናነሳም።

አዲስ አባል፦
እኔ ተወዳዳሪም ነኝና አንድ ነገር ልናገር። ባለፈው ከእኔ አጋር ጋር በመጀመሪያው ዙር ወጣን። ከብዙ መቶ ፎቶዎች ውስጥ የእኛ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ፍጻሜ የደረሱት ናቸው። እናቴ «የታል ፎቶሽ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

አንጋፋ ፎቶ አንሺ፦
ልጄ፣ ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። 24 ጥንድ፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 6 እየሆነ ሲሄድ እኛ ጉልበታችንን ለመጨረሻው እናስቀምጣለን። መገልበጥ አለበት። ፍጻሜ የሚደርሱት በየዙሩ ይመለሳሉ፤ የሚወጡት አይመለሱም። ሁለት ፎቶ አንሺ ካለ አንዱ ሙሉ ቁጥሮችን፣ ሌላው ጎዶሎ ቁጥሮችን ይያዝ። ዝርዝሩን በወረቀት ይዞ እያንዳንዱን ቁጥር ይሰርዝ።

አወያይ፦
ይህንን ከሁሉ በላይ እናስቀምጠው። የልጆቹን ነጥብ ጠቅለል ላድርግ፦ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ስም ከፎቶ ጋር አለማውጣት፣ የላቲን ቀሚስ ለብሰው ሲደንሱ ከታች ወደ ላይ አለማንሳት። ተቃውሞ አለ?

የዳንሰኞች ተወካይ፦
የለም። የመጨረሻውን ለአዋቂዎችም አድርጉት።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
ፎቶ ማድረሻው በጀርባ ቁጥር የሚፈለግ አልበም ይሁን። የግብዣው ምሽት ለብቻው ይቀመጥ፤ እዚያ ቁጥር የለም። ያን ምሽት እኔ ሸተሩን ወደ 1/15 ሰከንድ አወርደዋለሁ፤ ፊታቸው ይረጋል፣ ቀሚሱ ይፈስሳል። ለውድድር አልመክረውም።

አወያይ፦
እንግዲህ የተሻሻለው መግቢያ ይኸው፦ «ወለሉ ላይ የወጣ ጥንድ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጥሩ ፎቶ ይዞ ይመለስ። ለዚህም ፎቶ አንሺው ዳንሱን ይማራል፤ አዘጋጁ የተረጋጋ መብራትና ሁለት ጥግ ይሰጣል፤ ዳንሰኛው የልምምድ በሩን ይከፍታል።» 5ኛው ነጥብ 1ኛ ሆኗል።

የዳንሰኞች ተወካይ፦
በሩን በሚቀጥለው ልምምድ እንከፍታለን። የመጀመሪያውን ቀን ካሜራ አትያዙ፤ ግድግዳውን ተደግፋችሁ አብራችሁን ቁጠሩ። ወለሉን የማይቧጭር ለስላሳ ጫማ አድርጉ።

ወጣት አባል፦
እመጣለሁ። ከዋልዝ ነው የምንጀምረው?

የዳንሰኞች ተወካይ፦
ከዋልዝ።